የ2024 የሮክ አልበሞች፦ ጎንደር ላይ ሆኖ የትኛውን ማስቀደም ይሻላል?

ጎንደር ውስጥ ሮክ የሚሰማ ሰው አለ። ብዙ አይደለም፣ ግን አለ። አብዛኛው ኢርፎን ሰክቶ ለራሱ ነው የሚሰማው። ጂፓስ ላይ ከለቀቀውማ ጎረቤት «ምነው፣ ደህና ናችሁ?» ብሎ ብቅ ይላል።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ሰው ነው። በፈረንጆቹ 2024 ከወጡት የሮክ አልበሞች ውስጥ ደጋግሜ የሰማኋቸውን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ከአንድ እስከ አሥር ደረጃ አልሰጥም። ያንን የእንግሊዝና የአሜሪካ መጽሔቶች በየዓመቱ መጨረሻ ያደርጉታል፤ ዝርዝራቸውም እርስ በርሱ አይስማማም። ለእኛ የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው። የት ሆናችሁ ነው የምትሰሙት? ብቻችሁን ወይስ ከሰው ጋር? ጆሮአችሁ ያደገው በምን ዜማ ነው? የሞላችሁት ካርድስ ለስንት አልበም ይበቃል?

ከካርዱ ልጀምር፤ ኪስ ይቀድማል። ሂሳቡ ቀላል ነው። ሙዚቃ በ128 ኪሎቢት ጥራት ሲወርድ አንዱ ደቂቃ አንድ ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በ320 ሲሆን 2.4 ሜጋባይት ይደርሳል። ስለዚህ የ49 ደቂቃ አልበም በዝቅተኛው 50 ሜጋባይት አይሞላም፤ በከፍተኛው ግን ወደ 118 ይጠጋል። በቪዲዮ ከከፈታችሁት ይህን ሂሳብ እርሱት። ልዩነቱ በዋናነት የሚሰማው ሲምባሉ ላይ ነው። በዝቅተኛ ጥራት የወረደ ሮክ ላይ ሲምባሉ ጥርት ብሎ መጮኹን ትቶ ውሃ ውሃ ይላል። ከመንገድ ዳር በተገዛ ኢርፎን የሚሰማ ሰው ላያስተውለው ይችላል። ደህና ማዳመጫ ያለው ግን አንዴ ካስተዋለው ሌላው ነገር ሁሉ ይጠፋበታል።

2016 ዓ.ም.ን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሞባይል ዳታ እንዳሳለፍነውም አትርሱ። ብዙዎቹ አልበሞች ወደ እኛ የደረሱት ዘግይተው ነው። ዋይፋይ ባለው ጓደኛ በኩል፣ በፍላሽ፣ ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው ስልክ። ይህ ሙሉ በሙሉ ክፉ አልነበረም። ወሬው ከበረደ በኋላ የሚሰማ አልበም ጥሩነቱም ድክመቱም ቶሎ ይለያል።

ጊታር ለሚወድ፦ ኤምዱ ሞክታር ወይስ ጃክ ዋይት?

ኤምዱ ሞክታር የኒጀር ሰው ነው። ቱዋሬግ ነው፤ የሚዘፍነውም በታማሼቅ ነው። አልበሙ «ፊውነራል ፎር ጀስቲስ» ይባላል፣ የፍትሕ ቀብር እንደማለት። የወጣው ሚያዝያ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ለእኛ ያ ዓርብ ስቅለት ነበር። ጎንደር ቀኑን ሙሉ ስግደት ላይ ስትውል፣ ሌላው ዓለም ይህን ሁሉ የጊታር እሳት እየሰማ ነበር። አጋጣሚ ነው፤ ሰውየው ሙስሊም ነው፣ ስቅለትን አስቦ ያደረገው አይደለም። ግን ከዚህ ርዕስ ጋር ቀኑ መገጣጠሙ ይደንቃል።

ከዓመቱ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ። ዋናው ምክንያቴ ጆሮ ነው። ታማሼቅ ለአብዛኞቻችን ባዳ ቋንቋ ነው። ዜማው ግን ባዳ አይደለም። ጥቂት ኖታዎች ላይ የሚዞር፣ ተመልሶ ተመልሶ እዚያው የሚያርፍ ዜማ ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ድራሙ ይጋልባል። ማሲንቆ እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ለመልመድ ጊዜ አይፈጅበትም። ሮክ «ጫጫታ ነው» ለሚል ጓደኛዬ ያሰማሁት ይህን ነው። የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ ትከሻው መነቃነቅ ጀመረ። አፉ ግን አሁንም «ጫጫታ ነው» ይላል።

የሰውየው ታሪክም ደስ ይላል። ግራኝ ነው። ልጅ ሳለ ጊታር ስላልነበረው ራሱ ሠራ፤ ለክር የተጠቀመው የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነበር። ቤተሰቡ ሙዚቃውን አልወደደለትም። ሠርግ ላይ እየተጫወተ ነው ስም ያወጣው። የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖቹ በሰሃራ ዙሪያ የተሰራጩት በሞባይል ሚሞሪ ነው፤ አንዱ ስልክ ለሌላው እያቀበለ። ሚሞሪ ካርድ ይዞ ሙዚቃ ቤት ቆሞ «ሙላልኝ» ያለ የጎንደር ልጅ ይህን ሲሰማ አይገርመውም።

ግጥሙ ቀጥተኛ ነው። ርዕሱን የያዘው ዘፈን የአፍሪካ መሪዎችን በስማቸው ባይሆንም በሥራቸው ይጠራቸዋል። «ኢሙሃር» ቱዋሬጎች ቋንቋቸውን እንዳይጥሉ ይማጸናል። «ኦህ ፍራንስ» ስለ ማን እንደሆነ ርዕሱ ይናገራል። ሰምና ወርቅ የለመደ ሰው ትንሽ ፊት ለፊት ሊሆንበት ይችላል። ጊታሩ ግን ያንን ይክሳል። ሞክታር በግራ እጁ ጭምር የጊታሩን አንገት እየነካካ ኖታዎቹን ያዘንባል፣ ያም ሆኖ ዜማው አይጠፋበትም። ከፊት ያሉት ጊታሪስቶች ብዙዎቹ ሶሎ ሲገቡ ዘፈኑን ጥለው ይሄዳሉ። እሱ ዘፈኑን ይዞ ነው የሚሄደው።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። አልበሙ ትንፋሽ አይሰጥም። ዘጠኝ ዘፈን ነው፣ 40 ደቂቃ አይሞላም፣ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው። ለጀበና ቡና አይሆንም። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ እትዬ «ቀንሱት እንጂ» ይላሉ።

ጃክ ዋይት ደግሞ የዲትሮይት ልጅ ነው። «ኖ ኔም» የተባለው አልበሙ ገና ሲወጣ ራሱ ወሬ ሆኗል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ዲትሮይት፣ ናሽቪልና ለንደን በሚገኙት የራሱ ሱቆች ዕቃ የገዙ ሰዎች ከረጢታቸው ውስጥ አንድ ሸክላ ተጨምሮላቸው አገኙ። የዘፋኝ ስም የለውም። የዘፈን ዝርዝር የለውም። ዋጋም አልተጠየቀበትም። ቤት ወስደው ሲያጫውቱት አዲስ የጃክ ዋይት አልበም ሆኖ ተገኘ። የሙዚቃ ኩባንያውም ራሱ ቅዱት፣ አዳርሱት አለ። በይፋ የተለቀቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ዘፋኝ በራሱ ፈቃድ «ቅዱት» ሲል መስማት ለእኛ ቢጤው እረፍት ነው።

ሙዚቃው ጥሬ ነው። ብሉዝ ነው፣ ከፍ ተደርጎ፣ ፍጥነት ተጨምሮበት። 13 ዘፈን በ43 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። እዚህ ላይ ለእኛ የሚሆን ነገር አለ። የብሉዝና የሮክ ጊታሪስት ሁሌ የሚመለስበት ባለ አምስት ኖታ ስኬል አለ፤ ማይነር ፔንታቶኒክ ይሉታል። ከዶ ከተነሳችሁ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ነው። ባቲ ማይነር ከሚባለው ቅኝት ጋር አስተያዩት። ኖታዎቹ እነዚያው ናቸው። ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው። የእኛ ክራር ተጫዋች ኖታዋን ያሽሞነሙናታል። ዋይት ክሩን እስኪያቃስት ይስበዋል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ባቲን በክራር ቤት ውስጥ የለማመዳችሁ ከሆነ የዋይትን ሪፎች (እየተደጋገሙ የሚመጡትን አጫጭር የጊታር ሐረጎች) በጆሯችሁ ለቅማችሁ ማውጣት አያቅታችሁም።

ስለዚህ ምርጫው እንዲህ ነው። ጊታር እየተማራችሁ ከሆነ ጃክ ዋይት። ሪፎቹ ጣት ይገባቸዋል፤ ብዙዎቹ ሁለት ሦስት ክር ላይ ያልቃሉ። የሞክታርን እጅ ግን ለመከተል መሞከር ተስፋ ያስቆርጣል። ለመስማት ብቻ ከሆነ ሞክታር። ዋይት አራት አምስት ዘፈን ካለፈ በኋላ ራሱን መድገም ይጀምራል፤ «አርችቢሾፕ ሃሮልድ ሆምስ» ላይ እንደ ሰባኪ እየጮኸ መጥቶ ባይቀሰቅሰን ኖሮ መሃሉ ይረዝም ነበር። ጥራቱን በተመለከተ ዋይትን በ128 አውርዱት፣ ምንም አትከስሩም። ሸካራነቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

ከሁለቱ በፊት ሮክ ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ ደግሞ በአማርኛው ጀምሩ። ጃኖ ባንድ በፈረንጆቹ 2012 ያወጣው «ኤርታሌ» የዚህ ዓመት አይደለም፤ ግን የሮክ ጊታርና የእኛ ቅኝት አንድ ቤት ውስጥ ሲገቡ ምን እንደሚመስል ያሳያል። ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ከእሱ ወደ ሞክታር መሻገር አጭር መንገድ ነው።

ማታ ለብቻ፦ ዘ ኪውር ወይስ ዴቪድ ጊልሞር?

ሁለቱም ሼባዎች ናቸው፣ ሁለቱም የዘፈኑት ስለ ሞትና ስለ ጊዜ ነው። አያያዛቸው ግን ሰማይና ምድር ነው።

የእንግሊዙ ባንድ የዘ ኪውር «ሶንግስ ኦፍ ኤ ሎስት ወርልድ» ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ወጣ። ከዚያ በፊት የነበረው አልበማቸው በፈረንጆቹ የ2008 ስለሆነ አድማጩ 16 ዓመት ጠብቋል። ስምንት ዘፈን ብቻ ነው፣ 49 ደቂቃ። ድምፃዊው ሮበርት ስሚዝ ሁሉንም የጻፈው ብቻውን ነው። የመጀመሪያው ዘፈን «አሎን» ሰባት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ ድምፁ የሚገባው ከሦስት ደቂቃ በላይ ሙዚቃው ብቻውን ከሄደ በኋላ ነው። በአጭር ቪዲዮ ለለመደ ጣት ይህ ፈተና ነው። ታገሡት። አዝማሪም እኮ መጀመሪያ ማሲንቆውን ይቃኛል፣ ቀጥሎ ቤቱን ይቃኛል፣ ከዚያ ነው አፉን የሚከፍተው።

ያ መግቢያ ባዶ አይደለም። ድራሙ ከባድ ነው፣ ዝግ ይላል። ኪቦርዱ ከላይ ይዘረጋል። ቤዙ ከሥር ዜማውን ይሸከማል፤ ሳይመን ጋለፕ ቤዝን እንደ ሁለተኛ ጊታር ነው የሚጫወተው። ስሚዝ ሲገባ ድምፁ የዛሬ 40 ዓመት የነበረው ድምፅ ነው ማለት ይቻላል፤ የተለወጠው የሚናገረው ነገር ነው። «አይ ካን ኔቨር ሴይ ጉድባይ» ታላቅ ወንድሙ ሲሞት የጻፈው ነው። አጭር የፒያኖ ዜማ አለችው፤ ትመላለሳለች፣ አትለወጥም። ለቅሶ ቤት ውሎ የመጣ ሰው ምን እንደሆነች ያውቃል። እንግሊዝኛው ባይገባም ያቺ ፒያኖ ትበቃለች። የመጨረሻው «ኤንድሶንግ» ከአሥር ደቂቃ ያልፋል፣ ያ ሁሉ ጊታር ያለቅሳል።

ትዝታ የሚወድ ሰው ይህን አልበም ይወደዋል ብዬ እገምታለሁ። ቅኝቱ ትዝታ አይደለም። ግን ትዝታን የምንሰማበት ጠባይ፣ ማለትም ሐዘኑን ለማራቅ ሳይሆን አብሮት ለመቀመጥ መስማት፣ እዚህም ይሠራል።

ማስጠንቀቂያ አለኝ። በስልክ ድምፅ ማጉያ እንዳትሰሙት። ቤዙ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ የሚቀረው ኪቦርድና ጭጋግ ነው። በክረምትም አይሆንም። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ «አሎን» መግቢያው ላይ ያለው ስሱ ነገር ሁሉ ተበልቶ ያልቃል። ጥቅምትና ኅዳር፣ ሰማዩ ጠርቶ ማታው ሲቀዘቅዝ፣ ደህና ማዳመጫ ተደርጎ ነው። በ320 አውርዱት፤ 118 ሜጋባይቱ ይገባዋል።

ዴቪድ ጊልሞር የፒንክ ፍሎይዱ ጊታሪስት ነው። «ለክ ኤንድ ስትሬንጅ» የወጣው ጳጉሜ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ እኛ የዓመቱን ሂሳብ በምንዘጋበት ሰሞን። 78 ዓመቱ ነበር። ግጥሙን አብዛኛውን የጻፈችው ባለቤቱ ፖሊ ሳምሰን ናት። ልጁ ሮማኒ በገና መሳዩን ሃርፕ ትጫወታለች፣ «ቢትዊን ቱ ፖይንትስ» ላይም ዋና ድምፃዊት ናት። ርዕሱን የያዘው ዘፈን ውስጥ ያለው የፒንክ ፍሎይዱ የሪቻርድ ራይት ኪቦርድ በፈረንጆቹ 2007 የተቀዳ ነው። ራይት የሞተው በፈረንጆቹ 2008 ነው። ማለትም ጊልሞር ከ17 ዓመት በኋላ ከሟች ጓደኛው ጋር ተጫወተ። ይህን ሳታውቁ ብትሰሙት ጥሩ ዘፈን ነው። አውቃችሁ ስትሰሙት ያቺ ኪቦርድ ስትገባ ጆሮ ይቆማል።

ከኪውር ጋር ሲነጻጸር ጊልሞር ረጋ ያለ ነው። አይጨልምም። ሰው ባለበት ቤት መክፈት ይቻላል። ሮክ የማይወዱ ጋሼ እንኳ «ይሄ ደህና ነው» ይላሉ፤ ሁለተኛውን ስኒ እየጠጡ ነው የሚሉት። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። አንዳንዱ ዘፈን ለማንም ስለማይከብድ ማንንም አይዝም። እኔ ኪውርን ለብቻዬ፣ ጊልሞርን ለሳሎን አስቀምጫለሁ። አንዱን ብቻ ማውረድ ካለባችሁና ማዳመጫ ከሌላችሁ፣ ጊልሞርን ውሰዱ። ማዳመጫ ካላችሁ ኪውር፣ አታመንቱ።

መንገድ ላይ፦ ፎንቴንስ ዲሲ

ይህን ከማንም ጋር አላነጻጽረውም፤ በዓመቱ ውስጥ እሱን የሚተካ ስላላገኘሁ ነው። ፎንቴንስ ዲሲ የደብሊን ልጆች ናቸው፤ ዲሲ የሚለውም የደብሊን ከተማ ማለት ነው። «ሮማንስ» አራተኛ አልበማቸው ነው። ነሐሴ 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ወጣ፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት። 11 ዘፈን፣ 37 ደቂቃ ገደማ። በፊት ከነበራቸው ፕሮዲውሰር ተለይተው ከጄምስ ፎርድ ጋር ነው የሠሩት፤ ድምፁም ሰፋ፣ ቀለሙም በዛ።

«ስታርበርስተር» የሚለውን መጀመሪያ ስሙ። ድምፃዊው ግሪያን ቻተን ለንደን ውስጥ ሴንት ፓንክራስ ባቡር ጣቢያ ላይ የደረሰበትን የፍርሃት ድንጋጤ ነው ዘፈን ያደረገው። በየመሃሉ ትንፋሹን በኃይል ይስባል። ያ ትንፋሽ ከድራሙ ጋር ምት ይጠብቃል። ኢርፎን ሰክታችሁ ባጃጅ ውስጥ ከሆናችሁ መጀመሪያ ላይ ሹፌሩ ወይም አጠገባችሁ ያለው ሰው የታነቀ ይመስላችኋል። ኢርፎኑን አውጥቶ ዞር ብሎ ያየ ሰው አውቃለሁ።

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ለሚመላለስ ሰው ይህ አልበም ልክ ነው። ዘፈኖቹ አጫጭር ናቸው፣ ወሬና ክላክስ አይውጣቸውም፣ አንዱን ሰምቶ መውረድ ይቻላል። የመጨረሻው «ፌቨሪት» ከሁሉ የቀለለ ነው፤ ጊታሯ እንደ ከሰዓት ፀሐይ ነች። ከዚህ በላይ ማሞገስ አልፈልግም፤ መሃል ላይ ሁለት ዘፈን ዘልዬ ነው የማልፈው። የትኞቹ እንደሆኑ ራሳችሁ ታገኟቸዋላችሁ።

ስማቸውን ለምናውቃቸው

ሦስት ትልልቅ ስሞች አሉ፤ በእነሱ ላይ ብዙ አልቆይም።

ግሪን ዴይ «ሴቪየርስ»ን የለቀቁት ጥር 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ያ ቀን ከተራ ነበር። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ የግሪን ዴይን አዲስ አልበም የጠበቀ ጎንደሬ ካለ እሱን ማወቅ እፈልጋለሁ። 15 ዘፈን ነው፤ አሥሩ ይበቃ ነበር። ባንዱን ከልጅነታችሁ የምትወዱ ከሆነ አያሳፍራችሁም። ካልሆናችሁ የሚያስጀምር አይደለም።

ፐርል ጃም «ዳርክ ማተር»ን በሁዳዴ መሃል አመጡት። ፕሮዲውሰሩ አንድሩ ዋት የባንዱ አድናቂ ሆኖ ያደገ ሰው ነው፤ ቶሎ ቶሎ ነው የቀዱት። ድምፃዊው ኤዲ ቬደር ዛሬም ድምፅ አለው። «ሬኬጅ» ብቻውን አልበሙን ያስወርዳል። የእኔ ቅሬታ አቀናባበሩ ላይ ነው። ሁሉም መሣሪያ ወደ ፊት ተገፍቷል፣ ለጆሮ ማረፊያ የለም። ከግሪን ዴይ ግን ይሻላል፤ በሰፊው ይሻላል።

ሊንኪን ፓርክ የተለየ ጉዳይ ነው። ድምፃዊው ቼስተር ቤኒንግተን በፈረንጆቹ 2017 ከሞተ በኋላ ባንዱ ያበቃለት መስሎን ነበር። ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የቁስቋም ዕለት፣ «ፍሮም ዜሮ»ን አወጡ። አዲሷ ድምፃዊት ኤሚሊ አርምስትሮንግ ናት። ማራኪ ግቢ ውስጥ እንኳ ክርክር አስነስቷል፤ «ያለ ቼስተር ሊንኪን ፓርክ የለም» የሚሉ አሉ፣ «ታዲያ ይሙቱ?» የሚሉም አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። ልጅቷ ቼስተርን አትመስልም፣ ለመምሰልም አልሞከረችም፤ ስትጮህ የራሷ ጩኸት ነው። «ዘ ኤምፕቲነስ ማሽን»ን ስሙና ፍረዱ። አልበሙ 32 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ለዳታ የሚረክሰው እሱ ነው። አጭርነቱ ጠቅሞታል። ከሦስቱ አንዱን ከሆነ የምታወርዱት ይህን አውርዱ።

ከባዱን ለሚፈልግ

ሜታል ሰሚ ጎንደር ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ያሉት ግን ጽኑ ናቸው። ለእነሱ የዓመቱ ምርጫ በሁለት ጫፍ ላይ ነው።

ጁዳስ ፕሪስት የበርሚንግሃም ሰዎች ናቸው። «ኢንቪንሲብል ሺልድ» 19ኛ አልበማቸው ነው። የካቲት 29 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ወጣ፤ ሰኞ ሁዳዴ ገባ። ለጿሚ ሜታለኛ ሁለት ቀን ብቻ ማለት ነው። ድምፃዊው ሮብ ሃልፎርድ 72 ዓመቱ ነበር፣ ያም ሆኖ ላይኛውን ድምፅ ያወጣዋል። ጊታሪስቱ ግሌን ቲፕተን ፓርኪንሰን አለበት። ሌላኛው ጊታሪስት ሪቺ ፎክነር በፈረንጆቹ 2021 መድረክ ላይ እየተጫወተ ዋናው የደም ሥሩ ተቀዶ ለትንሽ ነው የተረፈው። ይህ ሁሉ ከኋላ ሆኖ አልበሙ ግን አያዝንም፣ አያለቃቅስም። ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ይሮጣል። ስፖርት ለሚሠራ፣ ዳገት ለሚወጣ ይሆናል። ጎሃ ኮረብታ በእግር ስትወጡ ሞክሩት።

ብለድ ኢንካንቴሽን ደግሞ የዴንቨር ልጆች ናቸው። «አብሶሉት ኤልስዌር» ሁለት ዘፈን ብቻ ነው፤ እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ ገደማ። በርሊን ውስጥ ሃንሳ በሚባለው ታዋቂ ስቱዲዮ ነው የቀዱት። የሚያጓራ ዴዝ ሜታል ይሄድና ሳይታሰብ ወደ ተረጋጋ የ70ዎቹ ኪቦርድ ይገባል፣ ከዚያ ተመልሶ ያጓራል። ፒንክ ፍሎይድን የሚወድ ሰው ጩኸቱን ችሎ ካለፈ መሃሉ ላይ ራሱን ቤቱ ያገኘዋል። ለጀማሪ አልመክርም። ፕሪስትን የሰለቸ ሜታለኛ ግን ይህን ይስማ። አንድ ተግባራዊ ነገር፦ ሁለት ፋይል ብቻ ሆኖ የመጣ ኮፒ ካገኛችሁ ተበላሽቶ አይደለም፤ አልበሙ እንዲያ ነው። በየክፍሉ ተከፋፍሎ ስድስት ሆኖ ከመጣላችሁ ስልኩ በየመሃሉ እንዳያቋርጥባችሁ በተርታ አስቀምጡት፣ ሸፍል የሚለውን አጥፉ።

የትኛውን በየት በኩል ልጀምር ለሚል

ካርዳችሁ ለሁለት አልበም ብቻ ከበቃ፦ ሞክታርን በ320፣ ጃክ ዋይትን በ128። ሁለቱም 150 ሜጋባይት ውስጥ ያልቃሉ። ለሦስተኛ ከተረፈ ኪውር። ባጃጅና ታክሲ ላይ ብዙ የምትውሉ ከሆነ የዋይትን ቦታ ለፎንቴንስ ስጡ። ከወላጅ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የምትኖሩና ማዳመጫ የሌላችሁ ከሆናችሁ ጊልሞር ይቅደም፤ ሌላው ሰላም ያሳጣል።

ሞክታር በሳሎን የሚከፈትበትም መንገድ አለ። ባንዱ አሜሪካ ጉብኝት ላይ እያለ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ኒጀር ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ተደረገ፤ ወደ አገር መመለስ አቃታቸው። እዚያው ሳሉ የዚህኑ አልበም ዘፈኖች ተቀምጠው፣ ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቀስ አድርገው ቀዱት። «ቲርስ ኦፍ ኢንጀስቲስ» ተብሎ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ወጣ። የ2024 ስላልሆነ ከዚህ ንጽጽር ውጭ ነው። ግን ዘፈኖቹ እነዚያው ናቸው፤ እትዬም ቀንሱት አይሉም።